ዝናብ የገባበት ምርቃትና ሌሎች ጥያቄዎች

ዛሬ ከጅማ የደወሉልን ሦስቱም አድማጮች የጠየቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ ቪዲዮ ስናቀናብር ድምፅ የሚያጠራልን የትኛው ፕለጊን (በማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ የሚታከል አነስተኛ ፕሮግራም) ነው? መልሱን የድምፅ ባለሙያችን ሰጥተዋል።

ከሄርማታ የደወሉ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፦ «ሽማግሌው ሲመርቁ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ባጸዳሁት ጊዜ ሽማግሌው ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገሩ መሰሉ። ሌላ ፕለጊን ልግዛ?»

መልስ፦ ጥፋቱ የኦዳሲቲ አይደለም። የእሱ ሁካታ መቀነሻ መጀመሪያ ማንም የማይናገርበትን አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ሁካታውን ከዚያ ተምሮ እስከ መጨረሻው ይቀንሳል። ሳያቋርጥ ለሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ ግሩም ነው። የጅማ ዝናብ ግን ያካፋል፣ ይወርዳል፣ ጋብ ይላል፤ በካፊያው የተማረው ለዶፉ አይሆንም። መጠኑን ሲጨምሩት ደግሞ ንግግሩን ይበላል። «ሰ» እና «ሸ» ከዝናቡ ሹሹታ ጋር ጎረቤት ናቸውና «ልጅ ይስጣችሁ» ሲባል መጀመሪያ የምትታጠበው «ስ» ናት።

ለዚህ የሚሆነው የሰው ድምፅ ለይቶ እንዲያወጣ የሠለጠነው ዓይነት ነው፤ ለምሳሌ የዌቭስ ክላሪቲ ቪኤክስ፣ ወይም በሚከፈልበት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ፣ ውስጥ ያለው ድምፅ መለያ። ከግማሽ ይጀምሩ፤ እስከ ጫፍ አይግፉት። እኔ ዝናቡን አንድ ጠብታ ሳላስቀር አጥፍቼ ያስረከብኩት ሠርግ አለ፤ ሙሽራዋ በዶፍ መሃል ጃንጥላ ይዛ በጸጥታ ስትራመድ ያየ ሁሉ ይስቃል።

ከጅሬን የደወሉ፦ «ከድምፅ ማጉያው በገመድ አገናኝቼ የቀረጽኩት ንግግር ሥር ‹እምምም› የሚል አለ።»

መልስ፦ ይህ የመብራት ድምፅ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ስለሆነ እምምታው በ50፣ በ100፣ በ150 እያለ ይቀመጣል። ከአሜሪካ የሚመጡ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች 60 የሚሉት የእነርሱ ኤሌክትሪክ 60 ስለሆነ ነው፤ ያንን ከገለበጡ ያልታመመውን ይቆርጣሉ። የአይዞቶፕ አርኤክስ እምምታ ማጥፊያ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ በነጻው ኦዳሲቲም እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ መቁረጥ ይቻላል። ሌላውን ማጽዳት ከዚህ በኋላ ያድርጉ።

አንድ ተማሪ፦ «ገንዘብ የለኝም፤ በምን ልጀምር?»

መልስ፦ በእጅህ ባለው። ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሁካታ መቀነሻ አለው፤ በዊንዶውስ ደግሞ የኮኮስ ኩባንያ ሪያፊር የተባለው ፕለጊን በነጻ ይገኛል። የሚከፈልባቸውን በሙከራ ጊዜያቸው፣ እጅግ በተበላሸው ቀረጻህ ፈትን። ንግግሩ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ ከጸዳ በኋላ «ጠ» ወደ «ተ»፣ «ቀ» ወደ «ከ» እንዳልተጠጋ አዳምጥ፤ ንግግሩን እንደ አዲስ የሚሠሩት ፕለጊኖች ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ስታዳምጥ ግን በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ የስልክህ ድምፅ ማጉያ 50 ሄርዙን አያሰማህም።