«በብዛት የተሸጠ» ሲባል ምን ተቆጠረ?

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ የመኪና መሸጫ ግቢ። በአንድ ነጭ ኮሮላ የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት በቅርበት ይታያል።]

ተራኪ፦ ወረቀቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው «በብዛት የተሸጠ» የሚል ነው። ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የት፣ መቼና በማን እንደተቆጠረ ካልተገለጸ ገዢው ከእሱ የሚያገኘው እርዳታ ጥቂት ነው።

ኮሮላ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ እስከ 2021 በመላው ዓለም ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሆኖም በአንድ ስም የተጠሩ፣ በሞተርም በአካልም የማይመሳሰሉ ብዙ ትውልዶችን ደምሮ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከዓለም በሽያጭ አንደኛ የወጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቴስላ ሞዴል ዋይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የቴስላ መለዋወጫ ደሴ ላይ በቀላሉ ይገኛል ብሎ የሚደመድም የለም።

[ምስል፦ የሽያጭ መዝገብ፤ ጣት በቀን መጻፊያው ዓምድ ላይ ይወርዳል።]

ስለዚህ ነጋዴው ከዓለም ቁጥር ይልቅ የራሱን መዝገብ ቢያወጣ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ በየግቢው የምናያቸው ቪትዝና ኮሮላዎች በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ናቸው። አንድ መኪና በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስሙ ቢዛወር በመዝገቡ ላይ ሦስት ሽያጭ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ደግሞ መኪናው ገበያ እንዳለው ሊያሳይ ይችላል፤ ባለቤቶቹ ሊያቆዩት እንዳልፈለጉም ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ሻጩ መኪናውን ስንት ዓመት ይዞት እንደቆየ የሚገልጸው መረጃ በመሆኑ፣ ሊብሬው ሲታይ ይህም አብሮ ቢመዘገብ መልካም ነው።

መቶኛም ያሳስታል፤ ባለፈው ወር ሁለት፣ በዚህ ወር አራት የሸጠ ሰው «ሽያጫችን 100 በመቶ አደገ» ሊል ይችላልና።

[ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፤ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ደሴ ይወጣል።]

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ አካባቢያዊ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን የሚወጣ መኪና ሜዳ ላይ ከሚሄደው የበለጠ ባትሪ ይጨርሳል፤ ሲወርድ ከፊሉን መልሶ ይሞላል። በእኔ እምነት ከየትኛውም የሽያጭ ቁጥር በላይ ገዢውን የሚያሳምነው፣ ይህን መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ደንበኛ በአንድ ሙሌት ስንት ጊዜ ደርሶ እንደሚመለስ ማስረዳት ነው።

[ምስል፦ አሮጌው ወረቀት ይነሣና አዲስ ይለጠፋል።]

አዲሱ ወረቀት፣ ለምሳሌ፣ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ከመስከረም እስከ የካቲት በዚህ ግቢ ከተሸጡት 40 መኪኖች 14ቱ ቪትዝ ናቸው፤ መዝገቡን ማየት ይቻላል።» መጋቢት ሲያልቅ ወረቀቱ ይነሣል፤ ቁጥሩም እንደገና ይቆጠራል።