ረጅም ሰው ፍለጋ

በቅርጫት ኳስ ቡድናችን የዓመቱ መዝጊያ ምሽት፣ ዱባይ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ እናንተም ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ከፊሊፒኖች ምን እንማር» የሚል ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ፊሊፒኖን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። አብረን እንሠራለን፣ አንድ ፎቅ ላይ እንኖራለን፣ አንድ ባስ እንጠብቃለን። ቡድናችን የመጀመሪያ ውድድሩን የተጫወተውም እነሱ ባዘጋጁት ሊግ ነው። ማልያ አሳትመው፣ ዳኛ ቀጥረው፣ የመክፈቻ ሰልፍ ሳይቀር አሰልፈው ሲያካሂዱ አይተናል። የእኛ ማልያ ያኔ ቀለሙ እንኳ አንድ አልነበረም። ስለዚህ ምስጋናው ይድረሳቸው።

ዛሬ ግን ላወድሳቸው አልመጣሁም። የምናገረው ስለ ብሔራዊ ቡድናቸው ነው፤ የት ላይ እንደሚሳሳቱ። ምክንያቴን ወደ በኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ የገባችሁ ይመስለኛል።

እስቲ ከድሮው ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ውድድሮቹ የሚታወቁት በእሱ ነው። ቅርጫት ኳስን ፊሊፒንስ ያስገቡት አሜሪካኖች ናቸው፣ በትምህርት ቤትና እኛም በምናውቀው በወወክማ በኩል። ሕዝቡ ወዲያው ወደደው። በ1936 ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ በርሊን ላይ 5ኛ ወጡ። ከአምስት ጨዋታ አራቱን አሸነፉ፤ የረታቸው አሜሪካ ብቻ ነው። በ1954 ደግሞ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 3ኛ ሆኑ። እስከ ዛሬ ከእስያ እዚያ የደረሰ ሌላ ቡድን የለም። የዚያ ቡድን ኮከብ ካርሎስ ሎይዛጋ ይባላል። ቅርጫት ሥር የሚቆመው ረጅሙ ሰውዬ እሱ ነበር። ቁመቱ ስንት ይመስላችኋል? 1 ሜትር ከ90 ገደማ! ዛሬ በዚያ ቁመት ኳስ ነድተህ ታቀብላለህ እንጂ ቅርጫት ሥር ማንም አያቆምህም።

ከዚያ ዓለም ረዘመ። እነሱ በ1975 የእስያን የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል ሊግ መሠረቱ፤ ፒ.ቢ.ኤ. የሚሉትን። ቡድኖቹ የከተማ ስም የላቸውም፣ የኩባንያ ስም ነው የያዙት። ቢራ ጠማቂው፣ ምግብ አምራቹ፣ የስልክ ኩባንያው፣ ሁሉም ቡድን አለው። ሊጉ ሀገሩን አሳበደው። ሮበርት ጃዎርስኪ የሚባለው ተጫዋች አሰልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ ሳለ በ1998 ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። ኳስ ተጫዋች እንዲህ የሚወደድበት ሀገር የት አለ? ችግሩ፣ ያኔ የዓለም ፌዴሬሽኑ ፊባ ፕሮፌሽናሎችን አያሰልፍም ነበር። እስከ 1989 ድረስ የሀገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ለሀገራቸው መጫወት አይችሉም ማለት ነው። 14 ዓመት! በኋላ በሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሊጉ ረጅም ነው፣ ባለቤቶቹ ተጫዋቻቸውን መልቀቅ አይወዱም፣ ብሔራዊ ቡድኑ የሚሰበሰበው ውድድር በር ላይ ሲደርስ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ምን ታሠለጥናለህ? ስለዚህ አቋራጭ ተፈለገ። አቋራጩ ረጅም ሰው ነው። ከውጭ የሚመጣ ረጅም ሰው።

ማርከስ ዳውቲት መጣ። ቀጥሎ አንድሬ ብላች። ብላች በአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በኤን.ቢ.ኤ.፣ የተጫወተ አሜሪካዊ ነው። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ስለተፈለገ የፊሊፒንስ ምክር ቤት ለእሱ ብቻ ሕግ አውጥቶ ዜግነት ሰጠው። ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ለአንድ ሰው አዋጅ! በፊባ ደንብ ፓስፖርቱን ከ16 ዓመቱ በኋላ ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይፈለጋል። የኤን.ቢ.ኤ.ው ተጫዋች ጆርዳን ክላርክሰን እናቱ የፊሊፒኖ ዘር ሆና እንኳ በዚያ ደንብ እንደ ባዕድ ይቆጠር ነበር። እኔ ብላችን አልነቅፍም። ሰውየው ተጠራ፣ መጣ፣ ተጫወተ። ያ ቡድን ሴኔጋልን በጭማሪ ሰዓት 81 ለ79 ሲረታ በዓለም ዋንጫ ከ40 ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ድላቸው ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አዋጅ ሲረቅቅ የ14 ዓመቱን ልጅ ማን እያሠለጠነው ነበር?

መልሱ በ2019 መጣ። በቻይናው የዓለም ዋንጫ በጣሊያን 108 ለ62፣ በሰርቢያ 126 ለ67 ተሸነፉ። አምስት ተጫውተው አምስቱንም ተረቱ። 32 ሀገር ተወዳድሮ 32ኛ ሆኑ። 31ኛዋን ታውቃላችሁ? ጃፓን ናት። እሷም አምስቱንም ተሸንፋ ነበር። ጃፓን ግን ከዚያ በፊት ሥራ ጀምራለች። ሁለት የተጣሉ ሊጎች ነበሯት፤ በዚህ ምክንያት ፊባ አገዳት። ታረቁና በ2016 አንድ ሊግ ሆኑ፣ ክለቦቹም የታዳጊ ቡድን እንዲይዙ ተደረገ። በ2023 ጃፓን 19ኛ ወጥታ የፓሪስ ኦሊምፒክ ቲኬት ቆረጠች። ከአዘጋጆቹ አንዷ ፊሊፒንስ 24ኛ ሆነች።

ያንን የ2023 ውድድር እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። የመክፈቻው ቀን ፊሊፒን አሬና ውስጥ 38,115 ሰው ገባ፤ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተሸነፉ። አሰልጣኛቸው በገዛ ሕዝቡ ተጮኸበት። ከዚያ ከደቡብ ሱዳን ጋር ደረሳቸው።

ይቺን ሳልናገር አልወርድም። ፊሊፒኖ ምግብ ቤት ተሰብስበን ነበር፣ ግማሹ እነሱ ግማሹ እኛ። ልጆቻችን በጆሮዬ «ማንን ነው የምንደግፈው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? በአንድ በኩል ሩዝ ያበላን ሰው ተቀምጧል። በሌላ በኩል የጋምቤላ ጎረቤት። ያውም ኑኒ ኦሞት ሜዳ ላይ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከኢትዮጵያ ተሰድደው ኬንያ መጠለያ ካምፕ የተወለደው ልጅ። አንድ ታላቃችን፣ አሁን እዚህ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፣ ጮክ ብለው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት!» አሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዞር ብሎ ምን አሉ አለኝ። «አይዟችሁ ነው የሚሉት» አልኩት። አመስግኖ ተጨማሪ ሻይ ላከልን። በሁለተኛው ግማሽ ደቡብ ሱዳን ጥላ ሄደች። 87 ለ68። እኛ አንገታችንን ደፍተን በልባችን እንጨፍራለን። ታላቃችን ግን አልቻሉም፣ አጨበጨቡ። ባለቤቱ ሒሳቡን ሲያመጣ ሻዩ ተቆጥሮ ነበር!

ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ፊሊፒኖ ወዳጄ ያለኝ አልወጣልኝም። «እኛ በየሰፈሩ ሜዳ አለን። እነሱ ጣሪያ ያለው ሜዳ እንኳ የላቸውም። ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ። ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው በ2011 ነው። ፊሊፒንስን ከረታች ከሁለት ቀን በኋላ አንጎላን 101 ለ78 ረትታ ኦሊምፒክ ገባች። ተጫዋቻቸው ካርሊክ ጆንስም አሜሪካዊ ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እነሱም አንዱን ቦታ ለእንግዳ ሰጥተዋል። የቀረውን ግን የቀድሞው የኤን.ቢ.ኤ. ተጫዋች ሉኦል ዴንግ ፌዴሬሽኑን ይዞ፣ ከኪሱ እያወጣ፣ በየስደቱ የተበተኑትን ልጆች ለቅሞ ነው የሠራው። ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ በየዓመቱ ይሰበስባቸዋል።

ፊሊፒንስ ይህ ጠፍቷት አይደለም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ በገዛ እጇ አፍርሳዋለች። በ2008 ራይኮ ቶሮማን የሚባል ሰርቢያዊ አምጥተው፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆችን ከሊጉ አርቀው አንድ ላይ አሠለጠኑ። በ2011 እስያ ላይ 4ኛ ወጡ። ኦሊምፒክ አልገባችሁም ተባሉና ተበተኑ! ሁለተኛው በ2021 ነው። በአሰልጣኝ ታብ ባልድዊን የሚመሩ ለጋ ልጆች፣ እዚያው ሀገራቸው ክላርክ የሚባል ቦታ ላይ፣ ደቡብ ኮሪያን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ አሸነፉ። የመጀመሪያውን ኤስ.ጄ. ቤላንጌል በመጨረሻዋ ሰከንድ በወረወራት ሦስት ነጥብ 81 ለ78። ሕዝቡ አለቀሰ። በዓመቱ ባልድዊን ሄደ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ ቡድኑ ለባለ ስሞቹ ተመለሰ። በግንቦት 2022 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በኢንዶኔዥያ ተሸንፈው ከ1991 ጀምሮ ያልተነጠቁትን ወርቅ አጡ። ቤላንጌልንስ ማን ወሰደው? የኮሪያ ሊግ! የተሸነፈው አወቀው፣ ያሸነፈበት ጣለው።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ልጅ ይሰበሰባል፣ አንድ ውድድር ይሸነፋል፣ አለቆች ይሰለቻሉ፣ እንግዳ ይጠራል። ትዕግሥት የሌለው ኮሚቴ ሁልጊዜ «ተሰጥኦ የለንም» ይላል። ተሰጥኦማ ነበር፤ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁት!

ካይ ሶቶንም እዩት። ቁመቱ 2 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ሀገሩ ስትፈልገው የኖረችው ረጅም ሰው፣ ማኒላ ተወለደላት። በ2019 ገና ሳይጎለምስ አሜሪካ ሄደ፣ ከዚያ አውስትራሊያ፣ ከዚያ ጃፓን። ኤን.ቢ.ኤ. ሳይመርጠው ሲቀር የተሰደበውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ይሄ ልጅ ቀጭን ነው፣ እግሩ ዘገምተኛ ነው ይባላል። አዎ፣ ነበር። ታዲያ ሀገር ውስጥ እንዲህ ያለ ቁመት ያለውን ልጅ ማን ከማን ጋር አጋጥሞ ያሠለጥነው ነበር?

አሁን አንዱ ተነስቶ የሀንግዡን ወርቅ ያነሳብኛል። አውቃለሁ። በጥቅምት 2023 የእስያ ጨዋታዎችን ከ61 ዓመት በኋላ አሸነፉ። ቻይና በ20 ነጥብ ስትመራቸው ቆይታ 77 ለ76 ረቷት፤ ጀስቲን ብራውንሊ መጨረሻ ላይ ባለ ሦስት ነጥብ ሁለት ጊዜ አስገባ። ብራውንሊም ዜግነት የተሰጠው አሜሪካዊ ነው፣ ዝግጅቱም አጭር ነበር። ግን ማን እንደነበሩ ተመልከቱ። አሰልጣኙ ቲም ኮን ነው። ብራውንሊ፣ ስኮቲ ቶምፕሰንና ጃፌት አጊላር በክለብ ለዓመታት የእሱ ተጫዋቾች ናቸው፤ በዓይን ይግባባሉ። አጊላርና ማርሲዮ ላሲተር ደግሞ እነዚያ ተበተኑ ያልኳችሁ የቶሮማን ልጆች ናቸው። ከ12 ዓመት በኋላ ፍሬውን ሌላ ሰው ለቀመው። በማግሥቱ ዓመትም ኮን ቡድኑን ሳይበትን ይዞ ሪጋ ሄደ፤ ላትቪያን በገዛ ሜዳዋ 89 ለ80 ረታ። ብራውንሊ ሀንግዡ ላይ 35 ዓመቱ ነበር። ቀጣዩ አዋጅ ለማን ይሆን?

እንግዲህ ወደ ቤታችን ልምጣ። ዘንድሮ ለፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ረጃጅም ሰዎች መጡልን። ማን እንዳመጣቸው አልጠይቅም። ልምምድ ላይ አይተናቸው አናውቅም። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሙቀት የለፉት ልጆቻችን ማልያ ለብሰው፣ እናቶቻቸው ስልክ ደግነው፣ አንዲት ደቂቃ ሳይገቡ ዋሉ። ጨዋታውንም ተሸነፍን። ብናሸንፍም ኖሮ ይህንኑ እናገር ነበር። ለዋንጫ ከሆነ ዋንጫ ሱቅ ይሸጣል፣ ስማችንን ጽፈው ይሰጡናል!

ሌላም ልል ነበር፣ ሰዓቱ አልፏል። ስለ ሴቶቹ ልንገራችሁ ብዬ ነበር። የፊሊፒንስ ሴቶች ቡድን በፓት አኪኖ ሥር ለዓመታት ሳይበተን ሠርቶ በ2019 የደቡብ ምሥራቅ እስያን ወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። እኛ የሴቶች ቡድን እንኳ የለንም፤ እህቶቼ፣ እሱን በሌላ ቀን አምጡልን። ስለ አሰልጣኝ ስልጠናም ጽፌ ነበር፣ ይቅር።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ውድድር ማንም ሰው ቢያንስ የሦስት ወር ልምምድ ላይ ካልተገኘ አይሰለፍም። በየጨዋታውም ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ቢያንስ አንድ ሙሉ ሩብ ይጫወታሉ። ብንሸነፍም። ድምፅ የሚሰጥበት የፊታችን ስብሰባ ላይ ነው፣ ወላጆች እንዳትቀሩ። የታዳጊዎች መመዝገቢያው በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ ነው፤ ስትወጡ ስምና የጫማ ቁጥር አስጽፉ። ቁመት አይጠየቅም።

አመሰግናለሁ።