የዘለለው ለማን ብሎ ነው? ወጣት ስፖርተኞች፣ ጭንቀት እና አበረታች ቅመሞች

(ምስል፦ የጥር 11 ማለዳ፣ የአፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር)

ውድ ተመልካቾች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬውን ጉዳይ የምጀምረው ከስታዲየም አይደለም፤ ከጥምቀተ ባሕሩ ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ሳይነገረው ያውቀዋል። ካህናቱ ውኃውን ባርከው እንዳበቁ፣ በግንቡ ጫፍና በዛፎቹ ላይ ሲጠባበቁ የቆዩት ወጣቶች እየተከታተሉ ወደ ውኃው ይወረወራሉ። ከእነርሱ መካከል ሁለቱን ብቻ ለይተን እንመልከት። ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱንም የጥር ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ሁለቱም ዘለሉ፤ ሁለቱም ረጥበው ወጡ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም።

ይሁን እንጂ አንደኛው ከውኃው ብቅ እንዳለ ዓይኑን እየጠረገ የሚፈልገው ማን እንዳየው ነው። ጓደኛው በስልኩ ቀርጾት እንደሆነ ይጠይቃል፤ አልተቀረጸም ከተባለ ተመልሶ ግንቡ ላይ ይወጣና እንደገና ይዘልላል። ሁለተኛው በረከቱን ሽቶ፣ ወይም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያንን ውኃ ሲመኘው ስለኖረ የዘለለ ነው፤ ማንም ባያየው ቀኑ አይበላሽበትም። ሦስተኛም አለ። እርሱ መዝለሉን ከነጭራሹ አልፈለገም፤ ከኋላው «ፈራህ እንዴ?» ስላሉት ብቻ ዘለለ። እውነቱን ለመናገር እኔ በልጅነቴ ሦስተኛው ነበርሁ፤ ውኃው ከጆሮዬ እስኪወጣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ምሳሌውን ያረዘምሁት ስለምወደው ነው፤ ይህን አልክድም። ያም ሆኖ ለዛሬው ጉዳይ ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም። አሁን በዚያው ግንብ ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ይህችን ብትውጥ ከሁሉም ርቀህ ትዘልላለህ፤ ማንም አያውቅብህም» ቢላቸው ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ጆሮውን ይሰጣል፤ የሚሻው መታየትን ነውና፣ ክኒኗም የምትሰጠው እርሱኑ ነው። ለሁለተኛው ክኒኗ የምትጨምርለት ነገር የለም፤ በረከት በክኒን አይገኝምና። የሦስተኛው መልስ ያለው በራሱ እጅ ሳይሆን ከኋላው በቆሙት ዘንድ ነው፤ እነርሱ «ዋጣት» ካሉት ይውጣታል። ስለዚህም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዶፒንግን፣ ማለትም የተከለከሉ አበረታች ቅመሞችን መጠቀምን፣ ሲያጠኑ ስለ መድኃኒቱ ከመጠየቃቸው በፊት ወጣቱ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ጽንሰ ሐሳቡን በፍጥነት ልለፈው፤ ነባር ተከታታዮቻችን መሠረቱን ታውቁታላችሁ፤ አዲስ የገባችሁ ደግሞ ስለ ተነሳሽነት ያዘጋጀነውን ቪዲዮ አስቀድማችሁ ተመልከቱት። ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ባደራጁት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው በራሱ ፈቃድ መሥራትን፣ ችሎታ እንዳለው መሰማትን እና ከሌሎች ጋር መተሳሰርን ይሻል፤ እነዚህ ሲሟሉ ተነሳሽነቱ ከውስጥ ይመነጫል፣ ሲጓደሉ ግን ሽልማት፣ ኀፍረት ወይም ቁጣ የሚገፋው ይሆናል። ጆን ኒኮልስ በበኩሉ ከትናንቱ ከራሱ መሻሻልን ስኬት የሚለውን ሰው፣ ሌላውን መብለጥን ብቻ ስኬት ከሚለው ለይቶ አሳየ። ሰው ለዶፒንግ ያለውን አመለካከት ለመለካት በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ አንድሪያ ፔትሮቺ ያዘጋጀችው ሲሆን፣ 17 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ስለሚሰጥ ድምሩ ከ17 እስከ 102 ይደርሳል። ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን ሰውየው ለዶፒንግ ያለው አመለካከት የላላ ነው። አመለካከቱ ላላ ማለት ግን ወሰደ ማለት አይደለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

(ምስል፦ ጎህ ሲቀድ የአዘዞ መንገድ)

አሁን ደግሞ እዚያው ጎንደር በአዘዞ መንገድ ጎህ ሳይቀድ የምትሮጥ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በዓይነ ልቡናችሁ ሳሉ። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ ስለምትኖር፣ የሌላ አገር ሯጭ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ የሚፈልገውን ስስ አየር በነፃ ትተነፍሳለች፤ ኩላሊቷም ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛውን፣ በመርፌ ሲወሰድ ግን የተከለከለውን ኤሪትሮፖይቲን በሕጋዊ መንገድ ያመነጭላታል፤ ለዚህ ማንም አይከሳትም። ይሁንና ጉልበቷ ማመም ጀምሯል፤ የመምረጫው ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ታናናሾቿ የእርሷን እጅ ይጠብቃሉ። ሪቻርድ ላዛረስ እና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳብራሩት፣ ጭንቀትን የሚወልደው ችግሩ ብቻውን አይደለም፤ ሰው በልቡ ሁለት ጊዜ ሲመዝነው ነው። በመጀመሪያው ሚዛን «ይህ ነገር ምን ያሳጣኛል?» ይላል፤ በሁለተኛው «ለመቋቋም በእጄ ምን አለ?» ይላል። ልጅቷ በእጇ «ዕረፊ፣ የሚቀጥለው ዓመትም አለ» የሚላት አሰልጣኝ ካለ አንድ ነገር ነው፤ ያላት አንድ ወዳጅ «ቫይታሚን ናት» ብሎ ያቀበላት ስሟ ያልታወቀ ብልቃጥ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነው።

ኒኮስ ንቱማኒስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የ63 ጥናቶችን መረጃ በአንድ ላይ ሲመረምሩ ከዶፒንግ ጋር ጎልተው የተያያዙት የተፈቀዱ ተጨማሪ ምግቦችን መውሰድ፣ በዙሪያ ያለው ሰው ይወስዳል ወይም ይደግፋል ብሎ ማመን እና የላላ አመለካከት ነበሩ፤ በተቃራኒው «እምቢ ማለት እችላለሁ» የሚል የራስ መተማመን ያላቸው ራቅ ብለው ተገኝተዋል። ዳንኤል ማዲጋን እና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 129 ታዳጊ ወንድ ስፖርተኞችን ጠይቀው፣ ከወላጅ የሚመጣ «እንከን አይገኝብህ» የሚል ጫና ከላላ አመለካከት ጋር አብሮ ሲሄድ፣ ለራሱ ከፍ ያለ ግብ ያወጣ ወጣት ግን ዶፒንግን ይበልጥ ሲቃወም አግኝተዋል። ቅድም ያዙልኝ እንዳልኋችሁ፣ የላላ አመለካከት መውሰድ አይደለም፤ አብሮ መሄድም ምክንያት መሆን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እንደ እኔ ሚዛን ይህ ውጤት ከአሰልጣኞች ስብሰባ ይልቅ በቡና ላይ ወላጆች በተሰበሰቡበት ቢነበብ ይሻላል። እኛ ጣታችንን ሁልጊዜ በማናጀሩ ላይ ነው የምንቀስረው።

ወደሚቀጥለው ነጥብ ልሻገር ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት አንድ አስተያየት አላሳልፍ አለኝ፦ «ሁሉም ይወስዳል፤ የሚለየው የተያዘና ያልተያዘ መሆኑ ብቻ ነው።» እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ ቁጥር ጠቅሳችኋል፤ ቁጥሩም የፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና እና በዶሃ የፓን አረብ ጨዋታዎች ከ2,000 በላይ ስፖርተኞች ስማቸው ሳይታወቅ ተጠይቀው፣ ባለፉት 12 ወራት የተከለከለ ነገር የተጠቀሙት በዴጉ 43.6 በመቶ፣ በዶሃ 57.1 በመቶ እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ የሽንትና የደም ምርመራ በየዓመቱ የሚይዘው ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ሰው እንዲህ ያለውን ምስጢር እንዴት ተናገረ? መንገዱ ብልህ ነው። የምታውቁትን የአንድ ሰው የልደት ቀን በልባችሁ ትይዛላችሁ። ቀኑ ከወሩ 1 እስከ 10 ከዋለ ስለ ልደቱ የቀረበውን ተራ ጥያቄ ትመልሳላችሁ፤ ከ10 በኋላ ከሆነ ስለ ዶፒንግ የቀረበውን። «አዎ» ስትሉ የትኛውን እንደመለሳችሁ ከእናንተ በቀር ማንም አያውቅም፤ ተመራማሪው ሲሦ ያህሉ ተራውን ጥያቄ እንደሚመልስ ስለሚያውቅ፣ የሚያሰላው የሁሉንም ድምር ይዞ ነው። በነገራችን ላይ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜን ከተውናት ሲሦው ያለ ትርፍ ይወጣል፤ የፈረንጆቹ ወር ነው ስሌቱን የሚያንገዋልለው።

እንግዲህ «ሁሉም» የሚለውን ቃል እንመዝነው። 43.6 በመቶ አስደንጋጭ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም፤ በዴጉ ግምት አብዛኛው አልወሰደም፤ በዶሃም ቢሆን ከአሥሩ አራቱ ያህል አልወሰዱም። የተጠየቁትም በዓለም መድረክ የሚወዳደሩ ናቸው፤ በፋሲለደስ ስታዲየም ዙሪያ የሚለማመዱ ታዳጊዎች አይደሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ራሱ የሚወስድ ሰው የሌሎችን ቁጥር ከማይወስደው አብልጦ ይገምታል። የሚኮርጅ ተማሪን ብትጠይቁት ክፍሉ ሁሉ ይኮርጃል ይላችኋል፤ አጠገቡ የተቀመጠችውና ሌሊቱን ስታጠና ያደረችው ልጅ ግን ሁለት ሦስቱን ብቻ ትጠቅሳለች። ቅድም ከንቱማኒስ ጥናት እንደሰማችሁት፣ «ሁሉም ይወስዳል» የሚለው እምነት ራሱ ከመውሰድ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ አረፍተ ነገሩን በወጣት ሯጭ ፊት ስትናገሩት ትዝብት ብቻ አይሆንም፤ በግንቡ ላይ ከሦስተኛው ልጅ ኋላ ቆሞ እንደ መግፋት ነው።

የዚህ አስተያየት ታናሽ ወንድምም አለ፦ «ስፖርተኛ ለወርቅ ሲል ሞቱን ይገዛል።» መነሻው ቦብ ጎልድማን የተባለው ሐኪም «ማሸነፍህን የሚያረጋግጥ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ግን የሚገድልህ መድኃኒት ትወስዳለህን?» ብሎ ሲጠይቅ ከስፖርተኞቹ ግማሽ ያህሉ «አዎ» አሉ የሚለው ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ተመሳሳይ ጥያቄ ለ212 አትሌቶች ሲቀርብ እሺ ያሉት 2 ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ስፖርተኛ ሞቱን የማይገዛ ከሆነ፣ በመድኃኒቱ ጉዳት ማስፈራራቱ ለምን አይበቃም? በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሊን ጎልድበርግ እና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈትሸውታል፤ ጡንቻ የሚያዳብረውን የስቴሮይድን ጉዳት ብቻ የተነገራቸው ተማሪዎች ብዙም አልተለወጡም፤ ጥቅም የሚመስለውም ጉዳቱም ሳይደበቅ የተነገራቸው ግን ጉዳቱን ይበልጥ አመኑ። ኋላም በ31 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ላይ በሞከሩትና እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መርሐ ግብር፣ ትምህርቱን ከአሰልጣኞቹ ጋር የሰጡት ከቡድኑ የተመረጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስቴሮይድ የመጠቀም ፍላጎትም ቀነሰ። በግንቡ ላይ የቆመ ልጅ ከታች ሆኖ «ውረድ!» የሚለውን ፖሊስ ሲሰማ አይቼ አላውቅም፤ ከጎኑ የቆመውን ጓደኛውን ግን ይሰማል።

የተጨማሪ ምግቦችን ነገር ሆን ብዬ አሳጥሬዋለሁ፤ በፀረ ዶፒንግ ሕጉ መሠረት በሰውነቱ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ቪዲዮ ይገባዋል። ቤታችሁ የፕሮቲን ዱቄት ወይም «የጉልበት» ብልቃጥ ያላችሁ፣ በላዩ የተጻፈውን ፎቶ አንሥታችሁ በቻናሉ አድራሻ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ በአንድ አብረን እናነብበዋለን።