ኮብልስቶንና አረም

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

አዘጋጆቹ ስለ ሥራህ ተናገር ሲሉኝ ትንሽ ተሳቀቅሁ። ሥራዬ ከአይጥ ቆዳ የደም ሥር ሴሎችን አውጥቶ ማሳደግ ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «አይጥ ፍለጋ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርከው? እዚህ ጓዳው ሞልቶ የለ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛዎቹ ግን የጓዳ አይጦች አይደሉም። በ1921 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) አሜሪካ ውስጥ ከተጀመረ አንድ ዘር የመጡ ጥቋቁር አይጦች ናቸው። ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ተዳቅለው በዘረ መል እንደ መንታ ተመሳስለዋል።

የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ስስ ሴሎች የተለበጠ ነው። ኢንዶቴሊያል ሴሎች ይባላሉ። ቁስል ሲድን አዲስ ሥር የሚዘረጉት እነሱ ናቸው። የካንሰር ዕጢም ደም የሚያገኘው እነሱኑ ወደ ራሱ ጠርቶ ነው። ጁዳ ፎክማን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ዕጢን ደም በመከልከል ማስራብ ይቻላል ያለው በ1971 ነበር። ብዙዎች አላመኑትም። በዚያ ሐሳብ የተሠራ የካንሰር መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2004 ነው።

ታዲያ ለምን የሰው አይሆንም? ይሆናል፤ ከእትብት ሥር የወጡ የሰው ሴሎችን ማሳደግ ከ1973 ጀምሮ ይታወቃል። ግን እትብት ውስጥ ያለው ትልቅ ሥርና ቆዳ ውስጥ ያለው እንደ ክር የቀጠነ ሥር ጠባያቸው ይለያያል። ደግሞ አይጥ ላይ አንድ ጂን አጥፍተን ሴሎቿ ምን እንደጎደላቸው ማየት እንችላለን። ሰው ላይ ይሄ አይሞከርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆዳው ዲስፔዝ በሚባል ኢንዛይም ውስጥ ያድራል። ጠዋት የላይኛው ሽፋን እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ ይላቀቃል። የቀረውን በመቀስ ከታትፈን ኮላጅኔዝ በሚባል ሌላ ኢንዛይም እናሟሟለን። ከዚያ ኢንዶቴሊያል ሴሎች ላይ የሚገኘውን ሲዲ 31 የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ የለበሱ፣ በማግኔት የሚሳቡ ጥቃቅን ዶቃዎች እንጨምራለን። ማግኔት ስናስጠጋ ቡናማ ነገር የቱቦው ጎን ላይ ጥብቅ ይላል። የምንፈልገው እሱን ነው፤ ሌላው ይደፋል። ጄላቲን በተቀባ ፍላስክ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ይቀመጣል።

አሁን ጉዴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሴሎቼ በአንዴ በዙልኝ። ፎቶ እያነሳሁ ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዲት ባልደረባዬ ማይክሮስኮፑን አየት አደረገችና «ይሄ እኮ አረም ነው» አለችኝ። ኢንዶቴሊያል ሴል የሚታየው እንደ ሰፈራችን ኮብልስቶን፣ ተጠጋግቶ ተነጥፎ ነው። የእኔዎቹ ረጃጅምና ሹል ነበሩ። ፋይብሮብላስት ይባላሉ፤ ቆዳ ውስጥ ሞልተዋል። ጥቂት ካመለጡ በሁለት ሳምንት ፍላስኩን ይወርሱታል። ሲዲ 31 ካለ የሚያበራ ቀለም ሰጥቼ አየሁ፤ ጭል የሚል ብርሃን እንኳ የለም። የሦስት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ።

ከዚያ ወዲህ አንዴ አልለይም፤ ሁለት ጊዜ በማግኔት አሳልፋለሁ። ሙከራ ከመጀመሬ በፊት ሁሌ ቀለም እሰጣለሁ። ብዙ ጊዜ እያባዙ ማቆየትም አያዋጣም፤ ቀስ በቀስ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ታሽጎ ከሻጭ የመጣ ሴል ቢሆንም እመረምረዋለሁ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል።

ኋላ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎቶ አስቀምጫለሁ። አንዱ የዚያን ጊዜው አረም ነው። ሻይ ስትጠጡ የትኛው እንደሆነ ገምቱና ንገሩኝ።