«ካረገዝኩ በኋላ ብጀምርስ?»፦ ስለ ፎሊክ አሲድ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ፎሊክ አሲድና ፎሌት አንድ ናቸው?
ሁለቱም ቫይታሚን ቢ9 ናቸው። ምግብ ውስጥ ያለው ፎሌት፣ ተሠርቶ ክኒን የሚሆነው ፎሊክ አሲድ ይባላል። ስሙ «ቅጠል» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ ወጥቶ ነበርና።

ልጅ ለመውለድ አስበናል። ካረገዝኩ በኋላ ብጀምር አይበቃም?
አይበቃም እህቴ። ይህን መናገር አይሰለቸኝም፦ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመራል።

የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር መጀመሪያ ላይ ጠፍጣፋ ንጣፍ ነው። ተጠቅልሎ ቧንቧ ይሆናል። ከተፀነሰ በ28 ቀን አካባቢ ይዘጋል። አሁን አብረን እንቁጠር። የወር አበባሽ ቀረ ብለሽ ስትጠራጠሪ ሁለት ሳምንት አልፏል። ተመርምረሽ፣ ቀጠሮ ይዘሽ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ቧንቧው ተዘግቶ አልቋል። ከታች ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ የአከርካሪ ክፍተት ይኖርበታል። ከላይ ከሆነ ደግሞ አንጎሉና የራስ ቅሉ በወጉ አይሠሩም፤ እንዲህ ያለው ልጅ በሕይወት አይቆይም።

መጠኑ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምረሽ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላ ትቀጥያለሽ። ሳታስቡት የምታረግዙም ብዙ ናችሁና፣ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ በየቀኑ ብትወስድ እመርጣለሁ። ያረገዝሽው ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ። ዛሬውኑ ጀምሪ።

አንድ ቀን ብረሳስ?
በማግስቱ አንዱን ብቻ ዋጪ። ሁለት አትደርቢ።

ያወፍራል?
አያወፍርም።

ባለፈው እርግዝናዬ ጽንሱ የአከርካሪ ክፍተት ነበረበት። አሁንም 400 ልውሰድ?
አዝናለሁ እህቴ። ላንቺ 400 አይበቃም። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም ያስፈልግሻል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የብሪታኒያ ጥናት እንዳንቺ ያሉ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ከመፀነሳቸው በፊት 4 ሚሊ ግራም የጀመሩት ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። ግን ብዙ መልቲቫይታሚን ደርቤ እዚያ እደርሳለሁ እንዳትዪ። ሲደራረብ አብሮት ያለው ቫይታሚን ኤ በዝቶ ጽንሱን ይጎዳል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ እርግዝና።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ይደክማታል፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ እግሯ ይደነዝዛል። ከእርግዝናዬ የተረፈኝን 5 ሚሊ ግራም ክኒን እየሰጠኋት ትንሽ በርትታለች። ልቀጥል?
ልጄ፣ ዛሬውኑ አቁሚ። ነገ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ሌሎቻችሁም ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ የዚህ ዓይነት ስልክ በየጊዜው ይደርሰኛል።

ፎሌት ሲያንስ ቀይ የደም ሴሎች በወጉ ሳይበስሉ ይተልቃሉ፤ ቁጥራቸውም ይቀንሳል። ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስም ደሙ ልክ እንዲሁ ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ቢታይ እንኳ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ቢ12 ሲያጥር ግን ነርቭም ይጎዳል። እግር ይደነዝዛል፣ ይወጋል፣ ሲራመዱ ያንገዳግዳል፣ ያስረሳል።

ቢ12 ላነሰው ሰው ፎሊክ አሲድ በብዛት ስትሰጪው ደሙ ያገግማል። የፊቱ መልክ ይመለሳል። ቤተሰቡ «እሰይ፣ ዳነ!» ይላል። ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል። ብዙ ከቆየ በኋላ ቢ12 ቢሰጠውም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ «በርትታለች» ስትዪኝ ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ። እኔ የማዳምጠው የእግሯን መደንዘዝ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ቢ12ን ከምግብ ለማውጣት ይቸገራል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማይነካ ሰው፣ ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የተቀነሰለት፣ ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደም ቢ12 ሊያንሰው ይችላል።

ቁጥሩንም ተመልከቺ። 5 ሚሊ ግራም ማለት 5000 ማይክሮ ግራም ነው። አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1000 ማይክሮ ግራም በላይ ፎሊክ አሲድ መውሰድ የለበትም። ሚሊና ማይክሮ አንድ አይደሉም፤ እባካችሁ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ላንቺ የታዘዘውም ላንቺ ብቻ ነው። ድካም ከአይረን ማነስ፣ ከታይሮይድ፣ ወይም ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ከሚፈስ ደም ሊመጣ ይችላል። ከደም ምርመራ በፊት ክኒን የለም!

ከምግብ ብቻ አይገኝም?
ምስር፣ ባቄላ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ብርቱካን ጥሩ ናቸው። ቅጠሉን ብዙ አፍልታችሁ ውኃውን ከደፋችሁት ግን ፎሌቱ አብሮ ይደፋል። ባልሽ ደህና ከበላ ምግቡ ይበቃዋል። ለማርገዝ የምታስቢው አንቺ ግን ምግቡንም ክኒኑንም፣ ክኒኑንም አስቀድመሽ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ። ማርገዝ እፈልጋለሁ።
መድኃኒትሽን በራስሽ እንዳታቆሚ። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ቫልፕሮዌት፣ ለጽንስ አደገኛ ናቸው። መለወጥ ካለበት የሚለወጠው ከመፀነስሽ በፊት ነው። የፎሊክ አሲዱንም መጠን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው። እኔ በስልክ የምነግርሽ የለኝም። እርግዝናውን ትንሽ አቆዪውና በዚህ ሳምንት ሐኪምሽን አግኚ።