ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር መጣላት

እንደምን ዋላችሁ እናቶች። አባቶችም መጥታችኋል፣ ደስ ብሎኛል። በዚህ የድሬ ሙቀት ልጅ አዝላችሁ፣ ልጅ ጎትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከፊራ ገበያ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ "ዘይቱኑን ካልያዝኩ" ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዷ "አቀበጥሻት" አለችኝ። ንግግሯ እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ አመሸ።

ታላቅ ወንድሟ በዚህ ዕድሜው እንዲህ አልነበረም። ቤቱ ያው፣ እናትየውም ያቺው እኔ። አቦ፣ ታዲያ ምን ተለወጠ? ልጅቷ ናት።

ልጅ ጠባዩን ይዞ ይወለዳል። ቶማስና ቼስ የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞች ከ1956 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ኒውዮርክ ውስጥ ልጆችን ከሕፃንነት አንስቶ ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ከመቶው 40 ያህሉ ገራገር፣ 15ቱ ቀስ ብለው የሚለምዱ፣ 10ሩ አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት ድብልቅ ናቸው። እሳት የላሰ ልጅ ያላት እናት ከጎረቤቷ ይልቅ ደጋግማ ብትጋጭ ምን ይገርማል? እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ጠቡ እንዴት እንደሚያልቅ ግን በአብዛኛው ከቁርኝት ጋር፣ ማለትም ልጅና እናት ካላቸው የመተማመን ትስስር ጋር፣ የተያያዘ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ ይህን ነገር በቅርብ ማየት የጀመረችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ነው፣ በ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ)፣ እናቶችን በየቤታቸው እየጎበኘች። ልጅ ሲከፋው እናቱ እንደምትደርስለት ካወቀ ተማምኖ ራቅ ብሎ ይጫወታል። እንዲህ ያለው ልጅም ይጣላል፣ እንዴታ! ግን እናት ምክንያቷን ትነግረዋለች፣ እሱም ትንሽ ይለዝባል፣ እሷም ትንሽ ትለቃለች፣ ይታረቃሉ። ቁርኝቱ ሲሳሳ ነው ጠቡ በጩኸትና በማስፈራራት ሳይቋጭ የሚቀረው።

"አያ ጅቦ መጣልሽ!" እኔም ብያለሁ። ዝም ትላለች፣ እውነት ነው። ግን ስትፈራ የምትሮጠው ወደ እኔ ነው፤ ያስፈራኋትም እኔው ነኝ። ታዲያ የት ትግባ?

ያን ቀን ቁጭ ብዬ ዓይኗን እያየሁ "ዘይቱኑ የሴትየዋ ነው፣ ከፍለን አንዱን አንቺ ትይዣለሽ" አልኳት። ወዲያው አልተወችም፤ ባጃጅ እስክንሳፈር አለቀሰች። ከዚያ ዘይቱኗን እንደጨበጠች ደረቴ ላይ ተኛች።

አሁን እዚህ መሃል ልጇ የሚያለቅስባት እናት ካለች ተሸማቃ እንዳትወጣ። እዚሁ አባብይው፣ እኛ እንጠብቃለን።