ቦርጭ፦ ከዘይቱ ሲኒ እስከ ፋሲል ግንብ ዙሪያ

(ምስል፦ ጎንደር፣ ጃን ተከል ዋርካ አጠገብ፣ ማለዳ 12 ሰዓት። ነጠላዋን ያጣፋች እናት የግንቡን ጥግ ይዛ ፈጠን ፈጠን ብላ ስትራመድ።)

ይቺ የምታዩዋት እናቴ ናት። በሳምንት አምስት ቀን የፋሲልን ግንብ ትዞራለች። ከአራት ወር በፊት ባጃጅ ካልጠራሁላት ከቤታችን እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት አትወጣም ነበር። ስኳር እንዳለባት በታወቀ ጊዜ ሐኪሙ ሜትር አውጥቶ ወገቧን ለካ። 101 ሴንቲ ሜትር። «እማማ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ይቺ ሆድ መቀነስ አለባት» አላት። ግራ ተጋባን። እኛ አገር ቦርጭ የድሎት ምልክት ነዋ! «ተመችቶሃል፣ ደልቶሃል» የሚባልበት ነገር እንዴት በሽታ ይሆናል?

(ምስል፦ የሆድ ሥዕላዊ መግለጫ፤ ቆዳ፣ ጡንቻ፣ ጉበት፣ አንጀት።)

ሆድ ላይ ሁለት ዓይነት ስብ አለ። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው ነው፤ በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ትይዙታላችሁ። ሁለተኛው አይቆነጠጥም። ከሆድ ጡንቻ ጀርባ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ይከማቻል። አደገኛው ይሄኛው ነው። እንደ ተቀማጭ እህል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቅባት ወደ ጉበት ይለቃል፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሥራውን በቅጡ እንዳይሠራ ያደርጋል። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ከቦርጭ ጋር የሚነሡት ለዚህ ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰውም ከዚህ አያመልጥም።

ስለዚህ ከሚዛን በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ላይ አዙሩት። ትንፋሽ አስወጡ፤ ሆዳችሁን ግን አትሳቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው ልክ ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ ስጋቱ ይጀምራል። ሴት ከ88፣ ወንድ ከ102 ሲያልፉ ደግሞ በጣም ይጨምራል።

(ምስል፦ ወጣት ወለል ላይ ሲት አፕ ሲሠራ።)

ታናሽ ወንድሜ እናታችንን ለመርዳት ብሎ «በየቀኑ ሲት አፕ ትሥራ» አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ በላዩ የተኛውን ስብ ለብቻው አያቀልጥም። የሚሠራ ጡንቻ ስቡን ከጎረቤቱ አይበደርም፤ ከመላው ሰውነት ተለቆ በደም የመጣለትን ነው የሚያነደው። ከየት ቀድሞ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ሆርሞን፣ ዕድሜና ዘር ነው። ላስቲክ ሆድ ላይ ጠቅልሎ መሮጥም ውኃ ያስወጣል እንጂ ስብ አያስወጣም፤ ውኃው ስትጠጡ ይመለሳል። ስብ የሚወጣው በዋናነት በትንፋሽ ነው። 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ በኩል ይወጣል፣ የቀረው ውኃ ይሆናል። ይህ እንዲሆን ግን ሰውነት ከሚበላው በላይ ማውጣት አለበት።

(ምስል፦ የቤታችን ማድ ቤት። ድስት፣ የቡና ሲኒ፣ የዘይት ጀሪካን። ካሜራው ሲኒው ላይ ይቀርባል።)

እማዬ ለአራት ሰው ሽሮ ስትሠራ ዘይቱን የምትለካው በዚህ ሲኒ ነበር። በውኃ ሞልቼ በሲሪንጅ ለካሁት፤ 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ያ ማለት ወደ 69 ግራም ዘይት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ስላለው ሲኒው ወደ 620 ካሎሪ ይሆናል። ለአራት ስናካፍለው እያንዳንዳችን ገና እንጀራው ሳይቆጠር 155 ካሎሪ ዘይት እንበላለን። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚያቃጥለው ደግሞ 150 ገደማ ነው። የአንድ ምሳ ዘይት አንድን የማለዳ እርምጃ ይበላዋል ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ቁጥር ነው። ማድ ቤቱን ሳንነካ መንገዱን ብቻ ብንሮጥበት ቦርጩ ብዙ እንደማይቀንስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሁን እንዲህ ትሠራለች፤ እዩዋት። ሽንኩርቱ በደረቁ ድስት ይገባል። ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ አድርጋ ውኃ ትጨምርበታለች፤ ወርቃማ እስኪሆን፣ ሽታው እስኪለወጥ ታቁላላዋለች። ባለሙያ የሚባሉት ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ የወጥ ጣዕም የሚመጣው ከቁሌቱ ነው። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይገባል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከድስቱ ላይ 380 ካሎሪ ወረደ። ማንም «ወጡ ጎደለው» አላለም።

(ምስል፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ ስኳር ማንኪያ።)

ቡናችንም እንዲሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትሉ ስድስት ማንኪያ፣ 24 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳርን በቀን ከ25 ግራም በታች ማድረግ የተሻለ ነው ይላል። አንድ ቡና ላይ ሞልቷል! በዚያ ላይ ለስላሳ መጠጥ ከጨመርን ምንም አልቀረንም፤ አንዱ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ቢራና ጠላም አይረሱ፤ አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው።

ብዙዎች «ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ለምን ቦርጬ ጨመረ?» ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ሥጋና ቅቤ ይቀርና እስከ 9 ሰዓት ተቆይቶ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ዘይት የጠጣ የድንች ጥብስ ይበላል፤ ከዚያ ፍርፍር በእንጀራ፣ ማለትም እንጀራ በእንጀራ። ጾሙ ጾም ነው፣ ገበታው ግን ዘይትና ስታርች ሆነ። እኔ ብመክር ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን ይብዛ፤ ለመክሰስ ንፍሮና ቆሎ አሉ። ጥራጥሬ ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) ስላለው ቶሎ አያስርብም፤ ስትከሱም ጡንቻችሁን ያቆይላችኋል። እንጀራን አልከለክልም። ጤፍ መልካም እህል ነው፤ የሚቀነሰው ብዛቱ ነው።

ከሁሉም የከበደን ግን ማዕዱ ነበር። አንድ ትሪ ላይ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» የሚል ጉርሻ ደግሞ እንቢ አይባልም። እማዬ መላ አገኘች። የመጀመሪያውን ጉርሻ በደስታ ትቀበላለች፣ ለሁለተኛው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ያጉርስህ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች። የተቀየመ ሰው አላየሁም።

(ምስል፦ የግንቡ አጥር፣ ከላይ የተቀረጸ።)

አሁን ወደ እርምጃው። የፋሲል ግቢ የድንጋይ አጥር 900 ሜትር ይረዝማል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው አንዱ ዙር 11 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሦስት ዙር ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በሳምንት አምስት ቀን ስትሉት ለአዋቂ የሚመከረውን ቢያንስ 150 ደቂቃ ትሞላላችሁ። ፍጥነቱ ልክ መሆኑን በዚህ እወቁት፤ መናገር ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። አገራችን ዳገት አላት፤ የቁስቋምን አቀበት የወጣ ሰው ጅም አላጣም። አዘዞ ያላችሁ ደግሞ ሜዳው ለሩጫ ይመቻል።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ይሠራ፦ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ እየገፉ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)። የእንቅልፋችሁም ርዝመት በየሌሊቱ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይሁን፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል። ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ምግብ ለመቀነስ አትቸኩሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከመጾማችሁም ምግብ ከመቀነሳችሁም በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ፤ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ብዙ ጊዜ መቀነስ የሚጀምረው ያ የማይቆነጠጠው የውስጥ ስብ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው ግትሩ ወደ ኋላ ይቀራል። መስታወት ፊት ቆማችሁ «ምንም አልተለወጠም» ብትሉም ሜትሩን በየወሩ ጠይቁት።

(ምስል፦ እናቴ ቤት ውስጥ፣ መቀነቷን ስትታጠቅ።)

የእማዬ ወገብ ዛሬ 95 ነው። 88 ገና ሩቅ ነው፤ ነገም 12 ሰዓት ላይ ዋርካው ሥር ናት። መቀነቷን ግን እዩት፤ ያው የድሮው ነው፣ አሁን አንድ ዙር ተጨማሪ ይዞራታል።